አንቱታ በአብላጫ ድምፅ

ማኅበረሰብ የሚቆመው በሕግ ነው የሚሉ አሉ፤ በሥነ ምግባር ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሰዋስው አልተማሩም። ማኅበረሰብ የሚቆመው በተውላጠ ስም ነው። ለማን «አንተ»፣ ለማን «እርስዎ» እንደሚባል በውል ያልለየ ሕዝብ ድልድይ ቢሠራ ይናድበታል፣ ልጅ ቢወልድ ይባልግበታል፣ ማመልከቻ ቢያስገባ መሳቢያ ውስጥ ይቀርበታል። ይህን ጥልቅ እውነት ተረድቶ በተግባር ያዋለ ኮሚቴ ቢኖር የእኛው የክፍል ጓደኞች ኮሚቴ ነው። የዚህ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ የማገልገል ክብር ስለ ደረሰኝ፣ የተፈጸመውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ማቆየት የኅሊና ግዴታዬ ነው።

ከኮሌጅ ከወጣን ሠላሳ ዓመት አልፎናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ፍቅራችን አልቀዘቀዘም፤ ከመካከላችን አንዱ በሞተ ቁጥር የቀረነው በቀብሩ ላይ እየተገናኘን፣ «እንዲህ በክፉ ቀን ብቻ!» እያልን ራሳችንን ስንነቀንቅ፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ሟች ድረስ ስንለያይ ኖረናል። በዚህ ዓመት ግን ናፍቆቱ ድንገት ጠናብን። የጠናብን ከመካከላችን አንዱ የንግድ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ሆነው በተሾሙ ሰሞን መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ተቋራጭ የሆኑት ሊቀመንበራችን የድንጋይ መፍጫ ለመትከል፣ ባለፋርማሲዋ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ለመክፈት፣ እኔም አነስተኛ ማተሚያ ቤት ለማቋቋም ያስገባናቸው ማመልከቻዎች በዚያው መሥሪያ ቤት መገኘታቸውም እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ነው። ሕይወት በአጋጣሚ የተሞላች ናት።

ክቡር ዋና ዳይሬክተሩ በተማሪነታቸው ዘመን «እንቅልፌ» ይባሉ ነበር። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ቁጭ ብለው ይተኙ ነበር፤ ቆመውም ይተኙ ነበር፤ አንድ ጊዜ የፈተና ወረቀት ሲያድሉ ተኝተዋል ይባላል። ከእርሳቸው ጋር አንድ ክፍል ይጋራ የነበረው፣ ዛሬ የጂኦግራፊ መምህር የሆነው ጓደኛችን ደግሞ «ደወሉ» ይባላል። በየማለዳው አልጋቸው አጠገብ ቆሞ «አንተ እንቅልፌ! ተነሥ! ፈተና ነው!» እያለ ሲጮኽ ሕንጻው በሙሉ ይነቃ ስለ ነበር፣ በዚያ ሕንጻ የማንቂያ ሰዓት የገዛ ተማሪ አልነበረም።

ደወሉ ከክፍላችን ሁሉ ማመልከቻ የሌለው ብቸኛ ሰው ነው። ወደ ኮሚቴው ያስገባነውም የክቡርነታቸውን የቤት ስልክ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በሊቀመንበሩ ቢሮ፣ ፈጽሞ ባልተሠራ ሕንጻ አቧራማ ሞዴል ዙሪያ ነበር። አጀንዳው ክቡርነታቸውን ጠርተን በአንድ እሑድ የምናደርገውን የክፍሉን ልጆች ግብዣ መርሐ ግብር ማጽደቅ ሆኖ ሳለ ደወሉ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለ።

«ማን?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እንቅልፌ ነዋ! ማን ይደውልልኛል?»

«ክቡርነታቸውን ማለትህ ነው?»

«እሱን ማለቴ ነው። ‹ደወሉ› አለኝ፤ ‹ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አንተ የሚለኝ ሰው በዓለም ላይ ጠፋ። እናቴ የለች፣ ታላቅ ወንድሜ የለ። ልጆቹን ጨዋ አድርጌ አሳድጌ ጉድ ሆንኩ፤ እርስዎ ነው የሚሉኝ። ቢሮ እርስዎ፣ ቤት እርስዎ። አንዳንዴ መስተዋት ፊት ቆሜ፣ አንተ ሰውዬ፣ እንዴት አደርክ እላለሁ። የምመጣው አንተ ለመባል ነው፤ ሌላ ነገር አትድከሙ› አለኝ።»

ባለፋርማሲዋ ዓይኗን በመሐረብ አበሰች።

«አይ ትሕትና!» አለች።

«ይህ የሚያሳየው ምንድን ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ እንደ ልማዳቸው ጥያቄውን ጠይቀው ራሳቸው ሊመልሱ። «እየፈተኑን ነው። ትልቅ ሰው ‹አንተ በሉኝ› ሲል ‹እስቲ ማን ደፍሮ እንደሚለኝ ልይ› ማለቱ ነው።»

«ኧረ ሰውዬው ብቸኝነት ገድሎት ነው!»

«አንተ የልጆች አስተማሪ ነህ፤ የሹመት ቋንቋ አይገባህም። እንግዳ ‹ጠገብኩ› ሲል ሳህኑን ታነሣበታለህ?»

«ከጠገበማ አነሣበታለሁ።»

«እንግዲህ አየህ!» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ እኛ ዞረው። «ከዚህ ሰው ጋር ነው ኮሚቴ የሆንነው።»

ይሁንና አንድ የመርሕ ጥያቄ ተነሣ። እርሳቸውን ብቻ ነጥለን አንቱ ብንል፣ ክፉ አሳቢ ሰው «ለማመልከቻቸው ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴው ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ፣ በእኩልነት መርሕ ላይ በመመሥረት፣ በዕለቱ የክፍሉ ልጆች ሁሉ እርስ በርሳቸው አንቱ እንዲባባሉ በአብላጫ ድምፅ ወሰነ። የተቃወመው ደወሉ ብቻ ነበር። እርሱንም ባለፋርማሲዋ እጁን ይዛ፣ «ለእኛ ስትል፣ ወንድሜ፤ ልጆች አሉን» ብላ ስለ ለመነችው፣ «እሺ፣ አዳራሹ ውስጥ አንተ አልለውም» ሲል ቃል ገባ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም ውሳኔው ሥራ ላይ ዋለ።

«ደወሉ፣ እርስዎ ደግሞ ግትር ነዎት» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እርስዎ ይብሳሉ» አለ ደወሉ።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር በላይ ያለ ሲሆን፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ ሪባን ታስረው ተደርድረዋል። ለክቡርነታቸው ግን ለሙሽራ የሚከራይ፣ የወርቅ ቀለም የተቀባ ባለ ከፍተኛ መደገፊያ ወንበር በመድረኩ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። የክፍሉ ልጆችም ውሳኔውን በሚያኮራ ዲሲፕሊን አከበሩ። «እንዴት ወፍረዋል!» «እርስዎም ጥርስዎ ረግፏል!» የሚለው ጨዋ ሰላምታ ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር። ባለፋርማሲዋና ባለቤቷ ከክፍላችን የተጋቡ ብቸኛ ጥንዶች ናቸው፤ እነርሱም አልቀሩ፤ በደረጃው ላይ «የመኪናውን ቁልፍ የት ጣሉት? ድሮም እርስዎ ላይ እምነት የለኝም!» እየተባባሉ ሲመጡ የሰማ ሁሉ በትዳራቸው ቀንቷል።

ክቡርነታቸው በሰዓቱ መጡ። ከኮታቸው ሥር፣ ክርኑ የሳሳ ቡናማ ሹራብ ለብሰዋል። በሩ ላይ ቆም ብለው ሁላችንንም አዩንና እጃቸውን በሰፊው ዘረጉ።

«እናንተ ሌቦች!» ብለው ጮኹ።

ሁላችንም ብድግ አልን። ሊቀመንበሩ ወደ ፊት ራመድ ብለው፣ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

«እንኳን ደኅና መጡልን፣ ክቡርነትዎ።»

የተዘረጉት እጆች ጥቂት አየር ላይ ቆዩና፣ መውረጃ አጥተው ኪስ ውስጥ ገቡ። ክቡርነታቸው በዓይናቸው ደወሉን ፈለጉ፤ አገኙትም፤ ፊታቸው በራ። ደወሉ በላብ ተጠምቆ ነበር። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ጨካኝ ነው፤ ሰውን ሳያከብሩ ወይም ሳይደፍሩ «እንዴት ነህ» እንኳ ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ግሥ ማን እንደሆንክና ማን እንደሆነ ንገረኝ ይላል። ቃል የገባ ሰው ያለው መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤት የሌለው ግሥ።

«እንዴት … ተከረመ?» አለ ደወሉ።

«ተከረመ?» አሉ ክቡርነታቸው።

«አዎ። ደኅና ተኖረ?»

«ደኅና ተኖረ» አሉ ክቡርነታቸው ቀስ ብለው፤ ከዚያም ወደ ሙሽራ ወንበሩ ወጥተው፣ ሙሽራይቱ የቀረችበት ሙሽራ መስለው ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ «ወዳጅነት» በሚል ርእስ ያዘጋጁት ንግግር ረዘም ያለ ነበር። በመሐሉ ክቡርነታቸው ወረድ ብለው ከተርታው ወንበር በአንዱ ለመቀመጥ ሁለቴ ሞከሩ፤ ሁለቴም በአክብሮት ተመለሱ። በመጨረሻ ኮሚቴው ድካማቸውን ተረድቶ፣ ከሕዝቡ ግፊያ ርቀው እንዲያርፉ ወደ ልዩ ማረፊያ ክፍል አስገባቸው። ማረፊያው የአዳራሹ ዕቃ ቤት ሲሆን፣ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከድምፅ ማጉያዎች መካከል አንድ ሶፋ ነበረው። ሰው ናፍቆት ለመጣ እንግዳ ከዚህ የበለጠ መስተንግዶ ሊታሰብ አይችልም።

ንግግር የሚያደርጉበት ሰዓት ሲደርስ ግን ክቡርነታቸው አልወጡም። በቁልፉ ቀዳዳ አየን፤ ተኝተዋል። ሊቀመንበሩ ይህን አሳፋሪ ነገር ለሕዝቡ መግለጽ ተገቢ ስላልመሰላቸው፣ ማይክሮፎኑን ይዘው «ክቡርነታቸው ከበላይ አካል ጋር አስቸኳይ የስልክ ምክክር ላይ ስለሆኑ ጥቂት እንታገሥ» አሉ። ሕዝቡ ባጉረመረመ ቁጥር ይህንኑ ይደግሙት ነበር፤ በየድግግሞሹም የምክክሩ ክብደት እየጨመረ ሄደ። እኔና ደወሉ እንድናስነሣቸው ተላክን።

በሶፋው ራስጌ ቆሜ አሳልኩ። «ክቡርነትዎ» አልኩ። ወንበር ገፋሁ። ክቡርነታቸው አንኮራፉ።

«ጸሐፊው» አለ ደወሉ፣ «ይሄ ክፍል አዳራሽ ነው?»

«አይደለም፤ ዕቃ ቤት ነው» አልኩ፤ ትክክልም ነበርኩ።

«እንግዲያው ቃሌን አላፈረስኩም።» ደወሉ ደረቱን ነፋ። «አንተ እንቅልፌ! ተነሥ! ፈተና ነው!»

ድምፅ ማጉያዎቹ ሳይከፈቱ ተንቀጠቀጡ። ክቡርነታቸው ዘለው ተነሡ፤ በባዶ እግራቸው ወለሉን እየዳበሱ «የስንት ሰዓት ነው? ምዕራፍ ስንት ነው?» አሉ። ከዚያ ደወሉን አዩት። ሳቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ዓይናቸውን በሹራቡ እጅጌ ጠረጉ።

«እስቲ ድገመው» አሉት።

«ጫማህን አድርግ፣ አንተ ሰነፍ! ሰው ይጠብቅሃል።»

ይህን የግል ጉዳይ ለእነርሱ ትቼ፣ ለሕዝቡ ላስታውቅ ወደ አዳራሹ በር ሄድኩ። እዚህ ላይ አንባቢ የጸሐፊነት ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንዲገነዘብልኝ እፈልጋለሁ። «ነቅተዋል» ብል ተኝተው ነበር ማለት ይሆናል፤ ይህ የተከለከለ ነው። «እንቅልፌ ነቃ» ብል ውሳኔ መጣስ ነው። ስለዚህ ከቃላት ሁሉ ክቡር የሆነውን መረጥኩና፣ በበሩ ብቅ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«ክቡር ዋና ዳይሬክተሩ ተነሥተዋል» አልኩ።



«ተነሡ?» አለች ባለፋርማሲዋ። «መቼ?»

«አሁን፤ በዚህች ደቂቃ።»

«በስልክ?»

«ኧረ በቃል ነው» አልኩ፤ ደወሉን አስቤ።

«በቃል! ደብዳቤ እንኳ ሳይጻፍላቸው!» አለ ባለቤቷ። «ሹመት ማለት ይኸው ነው፤ ዛሬ ታየ፣ ነገ የለም።»

ነገሩን ለማቃናት እጄን አወጣሁ፤ ሊቀመንበሩ ግን የመናገር ዕድል አልሰጡኝም። ሰውዬው ተኝተው እንደነበር ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ዳሩ ግን ስለ አስቸኳዩ ምክክር ደጋግመው ከመናገራቸው የተነሣ እርሳቸውም አምነውት ነበር። ማይክሮፎኑን አስቀምጠው በረዥሙ ተነፈሱ።

«ድሮም ሥራ የሚወድ ሰው አልነበረም» አሉ።

አንባቢ ግሡ መለወጡን ያስተውል። ኮሚቴ አልተሰበሰበም፣ ድምፅ አልተሰጠም፤ አንቱታው ከአዳራሹ እንደ ጉም ተነነ። በዚህ ጊዜ እንቅልፌ ከደወሉ ጋር ተደጋግፎ ገባ።

«አንተ እንቅልፌ!» አለው ሊቀመንበሩ። «ና ወዲህ! ወደዚያ ወንበር እንዳትወጣ፤ የተከራየነው ለክቡር እንግዳ ነው።»

እንቅልፌ ባለበት ደርቆ ቀረ። «ምን አልከኝ?» አለ።

«አንተ አልኩህ! ምነው፣ ጆሮህም ተኛ?»

«አንተ፣ ያ ሁሉ ፀጉር የት ገባ?» አለች ባለፋርማሲዋ። «ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍህን ማን እንደጻፈልህ ለሰዉ ልንገር?»

«ንገሪያቸው!» አለ እንቅልፌ፣ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ወገግ ብሎ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽልኝ! ምዕራፍ ሁለትን ደግሞ ተኝቼበት ቀደድኩት!»

«ሹራቤስ?» አለ ባለቤቷ። «ለአንድ ቀን ብለህ ወስደህ፣ ሠላሳ ዓመት!»

«ይኸው!» እንቅልፌ ኮቱን ገልጦ ደረቱን አሳየ። «ዛሬ ልመልስልህ ለብሼው መጣሁ!»

የዚያን ቀን የወረደበትን ስድብ ሌላ ሰው ላይ ብናወርደው ፍርድ ቤት በቆምን ነበር። ሰነፍ ተባለ፣ ኮራጅ ተባለ፣ ባለጉዳይ አመላላሽ ተባለ። እርሱም በተሰደበ ቁጥር እየሳቀ ወደ ሰዳቢው ሄዶ ያቅፍ ነበር። በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ በሁለት ሰው መካከል ተጣቦ ተቀመጠ። እኛ በሙሉ ጥላቻ የምንለውን እርሱ በሙሉ ፍቅር ይሰማው ነበር፤ እንዲህ ያለ መግባባት በክፍላችን ታሪክ አልታየም።

በመጨረሻ ሳይጋብዙት ተነሥቶ ቆመ።

«ጓደኞቼ» አለ። «ቅድም እርስዎ ስትሉኝ ተመልሼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ልቤ ያረፈው አሁን ነው። ብቻ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበርና ልንገራችሁ። ማመልከቻዎቻችሁን ነገ ጠዋት ልፈርም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።»

«ነገ ጠዋት?» አለ ሊቀመንበሩ። «ነገ ምን ብለህ … ምን ተብሎ … ቢሮ ይገባል እንዴ?»

«እና የት ልግባ? ሰኞ አይደለም?»

ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔም በጸሐፊነቴ፣ «ከሶፋው ነው የተነሡት» ስል አብራራሁ።

«ችግሩ ምን መሰላችሁ» ሲል እንቅልፌ ቀጠለ፤ ምንም አልጠረጠረም። «ደንቡ የባለጉዳይን እንጂ የወዳጅን ማመልከቻ እንድፈርም አይፈቅድልኝም። ‹እነዚህ ሰዎች ወዳጆቼ ናቸው ወይስ ባለጉዳይ?› እያልኩ ሳመነታ ሰነበትኩ። ቅድም ስገባ ‹ባለጉዳይ ናቸው፤ እፈርማለሁ› አልኩና አዘንኩ። አሁን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰማኋችሁ! ወዳጆቼ ናችሁ! ስለዚህ ነገ ሁሉንም ለምክትሌ አስተላልፋለሁ።»

ምክትላቸውን የማያውቅ ባለጉዳይ የለም። ብዕራቸው ከተገዛ ጀምሮ ቀለም ያልጎደለበት፣ ማመልከቻ ከአመልካቹ ዕድሜ በላይ ማቆየት የሚችሉ የተመሰከረላቸው ባለሙያ ናቸው።

መጀመሪያ የተነሡት ሊቀመንበሩ ናቸው።

«ክቡርነትዎ!» አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «በእኔና በእርስዎ መካከል ምንም ዓይነት ወዳጅነት ኖሮ እንደማያውቅ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ!»

«እኔም የመመረቂያ ጽሑፍዎን አልጻፍኩልዎትም» አለች ባለፋርማሲዋ። «ማን እንደጻፈልዎት አላውቅም።»

«ሹራቡም የእኔ አይደለም» አለ ባለቤቷ። «ተመሳስሎብኝ ነው።»

«እኔ በዚያ ዓመት ታምሜ አቋርጬ ነበር!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔማ የመጣሁት የሌላ ክፍል መስሎኝ ነው!» አለ ሌላው።

ሊቀመንበሩ ነገሩ በጩኸት እንዳይበላሽ ሥርዓት አስያዙ። «በድምፅ ይወሰን። የክቡርነታቸው ወዳጆች አይደለንም የምትሉ?»

እጆች እንደ ጫካ ቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ የእኔ ነበር፤ ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም የሚል ደንብ የለንምና።

«የምትቃወሙ?»

ደወሉ እጁን አወጣ። ክቡርነታቸው ግራና ቀኙን አዩ፤ ቀስ ብለው እርሳቸውም እጃቸውን አነሡ።

«ይቅርታ ክቡርነትዎ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ በታላቅ ትሕትና። «ጉዳዩ እርስዎን ስለሚመለከት ድምፅ መስጠት አይችሉም። ደንብ ነው።»

የተነሣችው እጅ ወረደች። ክቡርነታቸው ኮታቸውን አወለቁ፤ ሹራቡን በራሳቸው ላይ ስበው አወጡ፤ ተጣበው በተቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አጣጥፈው አስቀመጡት። ሸሚዛቸው ብቻውን ሲቀር ከጠበቅነው በላይ ቀጭን ሰው ነበሩ። ከዚያ ጫፉ ላይ ቁጭ አሉ። በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልተናገረም፤ ምን ዓይነት ግሥ መጠቀም እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረምና።

ደወሉ አጠገባቸው ሄዶ ቆመ።

«አንተ እንቅልፌ» አለ፤ በዚህ ጊዜ አልጮኸም። «ተነሥ። እንሂድ።»

ተነሡ። በደረጃው ላይ ሲወርዱ ድምፃቸው ይሰማን ነበር። «ኮትህን ልበስ፤ ይበርድሃል።» «አንተ ራስህ ምን ለብሰሃል?» «አንተ ስለ እኔ አትጨነቅ።» «አንተ ነህ የምትጨነቀው!» የቤት ዕቃ መደብሩ በር ጋ እስኪደርሱ ድረስ አንተ ሲባባሉ ሰማናቸው። ጨዋ ሰው በአደባባይ እንዲህ አይነጋገርም።

በማግሥቱ ማመልከቻዎቻችን ሁሉ ተፈርመው መጡ፤ አንድም አልቀረ። በእያንዳንዱ ላይ «አመልካቹ ከፈራሚው ጋር ምንም ዓይነት ወዳጅነት እንደሌለው በምስክሮች ፊት በአብላጫ ድምፅ ተረጋግጧል» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ኮሚቴው በመጨረሻ ስብሰባው ዝግጅቱ ዓላማውን ሙሉ በሙሉ ማሳካቱን ገምግሞ፣ አባላቱን አመስግኖ ተበትኗል። እኔም የማተሚያ ቤቴን ፈቃድ በመስተዋት አስገብቼ፣ የገባ ደንበኛ ሁሉ እንዲያየው ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ክቡርነታቸውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል ሲባል ሰምቼ ነበርና ነገሩ ቀሎኝ ነበር። ከደወሉ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ማን ይያዘው በሚል እየተጨቃጨቁ ይመጣሉ። ሠላሳ ዓመት የተዋወቅን ሰዎች ነን፤ ፈቃዱም ከእንግዲህ አይነሣብኝም። እጄን ዘርግቼ፣ በሙሉ ልቤ፦

«አንተ እንቅልፌ! እንዴት ነህ?» አልኳቸው።

ቆም አሉ። ጃንጥላውን ለደወሉ ሰጡ፤ ኮፍያቸውን አነሡ፤ ከአንገታቸውም ጎንበስ አሉልኝ።

«ደኅና ነኝ፤ ተመስገን» አሉኝ። «እርስዎስ?»

ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ክብር ደርሶኝ አያውቅም።